የሥራ ወዳጅነትን ዕድሜ ልክ እንዴት ማቆየት ይቻላል?

ጎንደር ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። እንጀራዬ የሚመጣው ከሾፌሮች፣ ከሆቴል እንግዳ ተቀባዮችና ደባርቅ ካሉ የሥራ ባልደረቦች ስልክ ነው።

መጀመሪያ ሰዎቻችሁን ደብተር ላይ ጻፉ። ስም፣ የት እንደተዋወቃችሁ፣ ያጫወቷችሁ ነገር። እኔ ከስልክ ይልቅ ደብተር አምናለሁ። ስልክ ይሰረቃል።

ቀጥሎ፣ የሩቅ ትውውቅን አትናቁ። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ወሬውን ከነገራቸው ሰው ጋር አዘውትረው ይገናኙ የነበሩት ከ100 ወደ 17 ያህሉ ብቻ ናቸው። እውነት ነው። ፒያሳ አብሮኝ ማኪያቶ የሚጠጣው ጓደኛዬ የሰማውን እኔም ሰምቼዋለሁ።

ከባዱ ምንም ሳይፈልጉ መደወል ነው። እኔ ድሮ የምደውለው ጥምቀት ሲቃረብ ብቻ ነበር። አንድ ታኅሣሥ ላይ እንግዳ ይልኩልኝ ለነበሩ አንድ ትልቅ ሾፌር ደወልኩ። «ጋሼ፣ ለጥምቀት እንግዳ አለ?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «የእናቴን አርባ ካወጣን ሳምንታችን ነው» አሉኝ። ቤታቸው አዘዞ ነው፤ ከፒያሳ በሚኒባስ ይደረሳል። ለቅሶ አልደረስኩም። ካለፈው ጥምቀት ጀምሮ ስላልደወልኩ አልሰማሁም ነበር። በማግስቱ ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ በክብር ተቀበሉኝ። እንግዳ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አልላኩልኝም። አልፈረድኩባቸውም።

አሁን እሑድ ከሰዓት ለሁለት ሰው እደውላለሁ። ደብተሬን አይና «ልጅህ ፈተናው እንዴት ሆነለት?» እላለሁ። ሥራ አላነሣም። ሦስት ደቂቃ ይበቃል። በዓል ሲመጣ ለሁሉም በቴሌግራም የሚበተነው አበባ ያለበት «እንኳን አደረሳችሁ» እንደ መደወል አይቆጠርም፤ ባይላክ ይሻላል። ለቅሶ ከሆነ ደግሞ በእግራችሁ ሂዱ።

ሥራ ያገናኛችሁን ሰው እንግዶቹ እንዴት እንደሄዱ የዛኑ ዕለት ንገሩት። ኮሚሽን ካለም ሳይጠየቅ ይከፈል።

መስከረም ሲጠባ ስሞቹን ወደ አዲስ ደብተር እገለብጣለሁ። ጡረታ የወጣ አይሰረዝም። ጋሼ መኪናቸውን ሸጠዋል፤ ስማቸው ግን ዘንድሮም የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው።