የጽንስ ትምህርት ከከበዳችሁ ከቦሎቄ ጀምሩ

ባዮሎጂ የማስጠናቸው ልጆች የጽንስ እድገት ላይ ሲደርሱ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ይላሉ። ስኳር የሚይዙ ፕሮቲኖች፣ ላሚኒን፣ ጋሌክቲን፣ በህዋሶች መካከል ያለው መረብ (ኤክስትራሴሉላር ማትሪክስ የሚሉት)። ስሙ ይሸመደዳል፣ ነገሩ ግን ዓይን ላይ አይመጣም። ስለዚህ መጀመሪያ ቅዳሜ ገበያ ልኬ ቀይ ቦሎቄ አስገዛቸዋለሁ፤ የቦሎቄው ውሃ የደም ህዋሶችን እርስ በርስ ሲያጣብቅ በዓይናቸው እንዲያዩ።

አስር ፍሬ ይበቃል። ማታ ዘፍዝፉት፣ ጠዋት ልጣችሁ በሙቀጫ ውቀጡት። 9 ግራም ጨው በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ አሟሙ። ጨዉን በዓይን አትገምቱ፤ ካነሰ ቀይ የደም ህዋሱ አብጦ ይፈነዳል፣ ከበዛ ይጨማደዳል። ከጨው ውሃው ግማሽ ስኒ የተወቀጠው ላይ ጨምሩ፣ ግማሽ ሰዓት አቆዩት፣ በንጹህ ጨርቅ አጥልሉት። ከጠለለው ከፊሉን ለብቻ አፍሉት፣ 30 ደቂቃ ሙሉ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃችን 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፤ መጽሐፍ ላይ ያለው 10 ደቂቃ ለእኛ አይበቃም።

ደሙ ከራሳችሁ ጣት ይሁን። ስኳር ሕመምተኞች የሚጠቀሙባትን የጣት መውጊያ ከፋርማሲ ግዙ፣ ለአንድ ሰው አንድ፣ ለሌላ ማዋስ የለም። አንድ ጠብታ ደም 20 ጠብታ የጨው ውሃ ውስጥ ወዲያው በትኑት።

አሁን ነጭ ሳህን ላይ ሦስት ቦታ ደሙን አንጠባጥቡ። አንዱ ላይ ጥሬውን የቦሎቄ ውሃ፣ ሁለተኛው ላይ የፈላውን፣ ሦስተኛው ላይ የጨው ውሃ ብቻ። ሳህኑን ቀስ እያላችሁ አወዛውዙት። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ጥሬው ያለበት፣ ልስልስ ያለው ቀይ ውሃ፣ በደንብ ያልተማሰለ ሽሮ እንደሚጓጉለው ፍርፍር ፍርፍር ማለት ይጀምራል፤ ሁለቱ ግን እንዳሉ ናቸው። ይህን ያየ ተማሪ ፊቱ ሲበራ ማየት እንዴት ደስ እንደሚለኝ!

ቦሎቄው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሌክቲን ይባላል። አራት እጅ አለው በሉት። በአንዱ እጅ የአንዱን ህዋስ ስኳር፣ በሌላው የጎረቤቱን ይይዛል። ማፍላት እጁን ያበላሸዋል። የሻይ ስኳር ብትጨምሩበት አይለቅም፣ ምክንያቱም የሚያውቀው ጣፋጩን ሳይሆን ህዋሱ ላይ የተንዠረገገውን የስኳር ቅርንጫፍ ነው።

ወደ ጽንሱ ስትመለሱ ይህንኑ ሥዕል ይዛችሁ ግቡ። ጋሌክቲን-1 ሁለት እጅ ያለው የራሳችን ሌክቲን ነው፤ ጋላክቶስ የተባለ ስኳር ያለበትን ቅርንጫፍ ይይዛል፣ የመረቡ ፕሮቲን በሆነው ላሚኒን ላይም ይጣበቃል። ላሚኒን ደግሞ በተራው የጡንቻ ህዋስ ላይ ያለውን ዲስትሮግላይካን የተባለ ፕሮቲን በስኳር ሰንሰለቱ በኩል ይጨብጣል። ሰንሰለቱ በትክክል ካልተሠራ ፕሮቲኑ ቢኖርም መያዣ ያጣል፤ ሕፃኑ ጡንቻው እየደከመ፣ አንዳንዴም አንጎሉ በአግባቡ ሳይሠራ ይወለዳል። ጣና ዳር ታንኳ ሲሠራ ያየ ሰው አይከብደውም፦ ደንገሉ ሁሉ ቢኖር እስሩ ከላላ ታንኳ አይሆንም። ልብም እንዲሁ ነው። ሃያሉሮናን የተባለውን ረጅም ስኳር መሥራት ያልቻለ የአይጥ ጽንስ፣ የልቡ ክዳን (ቫልቭ) የሚነሳበት ለስላሳ ትራስ ሳይሠራለት ማህፀን ውስጥ ይሞታል።

ሁለት ነገር አደራ። ጥሬ ቦሎቄ እንዳትቀምሱ፣ አራት አምስት ፍሬ ክፉኛ ያስመልሳል። ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1888 ስቲልማርክ የተባለ ተመራማሪ ይህን የደም መጓጎል ያየው በጉሎ ፍሬ ነው ብላችሁ ጉሎ እንዳትሞክሩ፤ ውስጡ ያለው ራይሲን ይገድላል። ስትጨርሱ ሳህኑን በረኪና ውስጥ ዘፍዝፉት፣ መውጊያውን ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ከድናችሁ ጤና ጣቢያ አስረክቡ፣ ሙቀጫውንም በፈላ ውሃ አጥባችሁ ለእናታችሁ መልሱ።