የአሜሪካን ችሎት ማጥናት፦ ዘረኛ ዳኛ ፍለጋ አትውጡ

በአሜሪካ የወንጀል ፍርድ ቤቶች ያለውን የዘር መድልዎ ማጥናትን ሥራዬ ብላችሁ ልትይዙት ካሰባችሁ የመጀመሪያ ምክሬ ይሄ ነው፤ ዘረኛ ዳኛ ፍለጋ አትውጡ። አይጠፋም፣ አለ። ግን እሱን ስታሳድዱ ማንም ልብ የማይለው የዕለት ተዕለቱ አሠራር ያመልጣችኋል። ጉዱ ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል በአንድ ጉዳይ ላሳያችሁ። ዋረን ማክሌስኪ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ጆርጂያ ውስጥ ነጭ ፖሊስ ገድለሃል ተብሎ ሞት ተፈረደበት። ጠበቆቹ ከ2,000 በላይ ጉዳዮችን የመረመረ ጥናት ይዘው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ። በጥናቱ መሠረት ሟቹ ነጭ ሲሆን፣ ሟቹ ጥቁር ከሚሆንበት ጊዜ ይልቅ ሞት የመፈረዱ ዕድል 4.3 እጥፍ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ1987 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በ5 ለ 4 ድምፅ ውድቅ አደረገው። ጥናቱ ትክክል ነው ብንል እንኳ በእሱ ጉዳይ ላይ ሆን ብሎ ያዳላ ሰው መኖሩን አያሳይም ተባለ። በማክሌስኪም ላይ የሞት ቅጣቱ በ1991 ተፈጸመ።

አያችሁ፣ ቁጥር ልዩነቱን ይነግራችኋል እንጂ እንዴት እንደተፈጠረ አይነግራችሁም። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይባል የለ? በቅሎዋን ከመዝገብ ትቆጥሯታላችሁ። ጭብጦዋን ለማየት ግን ችሎት ገብቶ መቀመጥ ነው።

ትምህርቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ሶሲዮሎጂ ትማራላችሁ፣ ዶክትሬቱ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዓመት ይወስዳል። ስታቲስቲክስን አትሽሹ። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግም አንድ ሴሚስተር ውሰዱ፣ አለዚያ ችሎት ውስጥ ግማሹ ወሬ አይገባችሁም።

ለአካሄዱ የኒኮል ጎንዛሌዝ ቫን ክሊቭን ሥራ እዩ። ይቺ ሶሲዮሎጂስት ቺካጎ ውስጥ 26ኛ ጎዳና እና ካሊፎርኒያ መንገድ ማዕዘን ላይ ያለውን ግዙፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ነው ያጠናችው። በተማሪነቷ በዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሠርታለች፣ በኋላም በመንግሥት ተከላካይ ጠበቆች ቢሮ፣ ከዚያ ከ100 በላይ ታዛቢዎችን አሰማርታ መጽሐፏን በ2016 አሳተመች። ካስተዋለቻቸው አንዱ «ሞፕ» የሚል ቃል ነው። የፍርድ ቤቱ ሰዎች ሰነፍና የማይረባ የሚሉትን ተከሳሽ በዚህ ስም ይጠሩታል። ስለ ቆዳ ቀለም አንዲት ቃል አልተነገረም፤ ግን ማን ለማለት እንደተፈለገ ሁሉም ያውቃል። እንዲህ ያለ ቃል ስትሰሙ ማን፣ ለማን፣ መቼ እንደተናገረው ጻፉት።

ችሎት ስትገቡ ፊልም ላይ እንደምታዩት ዓይነት ክርክር አትጠብቁ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ በ2012 እንደጠቀሰው፣ በክፍለ ሀገራቱ ፍርድ ቤቶች ጥፋተኛ ከሚባሉት 94 በመቶው ጥፋታቸውን አምነው ነው። ስለዚህ ተራውን የቀጠሮ ቀን ምረጡ። በጠዋት ግቡ። ስልክ የማያስገቡ ፍርድ ቤቶች ስላሉ አስቀድማችሁ አጣሩ፣ ደብተርና እርሳስ ያዙ፣ የግድግዳውን ሰዓት የምታዩበት ቦታ ተቀመጡ።

አጻጻፉ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ነው። «ዳኛው ተከሳሹን ናቀው» ብሎ ይጽፋል። ይሄ ፍርድ ነው፣ ማስታወሻ አይደለም። እንዲህ ቢሆንስ፦ «3፡42። ስሙ ሁለት ጊዜ በስህተት ተጠራ። ጠበቃዋ ፋይሉን ከፍታ ‹አንተ ነህ?› አለችው። ዳኛው ቀና ሳይል ጠየቀ። ተከሳሹ ‹አዎ› ከማለት ሌላ አልተናገረም። 3፡43 አለቀ።» ንቀቱን አንባቢው ራሱ ያየዋል። ማታ ሳትተኙ በኮምፒውተር ገልብጡት፣ ያደረ ማስታወሻ ይደበዝዛል።

የሰውን ዘር በዓይን ብቻ አትወስኑ፣ «የሚመስል» ብላችሁ መዝግቡ። መዝገቡም ቢሆን አይታመንም፤ ላቲኖዎች «ነጭ» ተብለው የሚመዘገቡበት ጊዜ አለ። መረጃ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። ቺካጎ የምትገኝበት የኩክ ካውንቲ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ በ2018 የክስ መረጃውን ለሕዝብ ከፍቷል፣ ትልቅ ነገር ነው። ግን የክስ መዝገብ ውስጥ የምታገኙት ፖሊስ የያዘውን ሰው ነው። መንገድ ላይ «ሂድ» ተብሎ የተለቀቀው እዚያ የለም።

ቃለ መጠይቅ ላይ ዳኛን «ታዳላለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ የዋህነት ነው። የትናንቱን ችሎት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲያወራላችሁ አድርጉ። ተከሳሽን ደግሞ ጉዳዩ ሳያልቅ ስለተከሰሰበት ድርጊት በፍጹም አትጠይቁ፣ የነገራችሁ ነገር መልሶ እሱኑ ሊጎዳው ይችላል። የዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ቢያንገላታችሁም ለዚህ ነው። ሪክ ስካርስ የተባለ የሶሲዮሎጂ ተማሪ በ1993 ምንጮቹን አሳልፌ አልሰጥም ብሎ 159 ቀን ታስሯል። ለጥናት የሚሰጠውን የፌዴራል የምስጢር ጥበቃ ሰርተፊኬት ቀድማችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥግ ይዛችሁ ስትጽፉ ለሚያያችሁ የተከሳሽ ዘመድ ጠበቃ ትመስሉታላችሁ። ኮሪደር ላይ ተከትሏችሁ ወጥቶ «ምን አሉ? መቼ ነው ቀጠሮው?» ይላችኋል። ልጁ ሲቀርብ እዚያው ነበር፣ ግን አልሰማም ወይም አልገባውም። ጠበቃ አለመሆናችሁን ንገሩት፣ የተከላካይ ጠበቃውን ቢሮ አሳዩት፣ ከዚያ ጥያቄውን ቃል በቃል ደብተራችሁ ላይ አስፍሩት።