ቤተሰብን ይዞ ጢያ ደርሶ መልስ

የጢያ ትክል ድንጋዮች ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከከተማዋ በስተደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው የቆሙ በመሆናቸው፣ ቤተሰብ በራሱ መኪና ጠዋት ሄዶ ጎብኝቶ ማታ ቤቱ ሊያድር ከሚችልባቸው ጥቂት የዓለም ቅርሶቻችን መካከል ይቆጠራሉ። ቅርበታቸው ግን ያዘናጋል። ብዙ ሰው እሑድ ቁርሱን ተዝናንቶ በልቶ ረፋድ ላይ ይነሣና ቀትር ላይ ይደርሳል፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ደግሞ በድንጋዮቹ ላይ የተቀረጹት ምልክቶች ጥላ ስለማይኖራቸው ደብዝዘው ይታያሉ። በመጀመሪያው ጉዟችን ልጆቼ «ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው ድንጋይ ለማየት ነው?» ያሉኝ በዚህ ሰዓት ነበር። ከዚያ ወዲህ በመንገዱ ላይ ያሉትን ሌሎች ቦታዎች ለመልስ ትተን፣ ፀሐይ ገና ዘመም እንዳለች በቅድሚያ ጢያ መድረስን ልማድ አድርገነዋል፤ ለሌላውም የምመክረው ይህንኑ ነው።

ዝግጅቱ በዋዜማው መጠናቀቅ አለበት። ጠዋት ነዳጅ ማደያ ሰልፍ የያዘ ሰው ዕቅዱ ከጅምሩ ስለሚበላሽበት፣ መኪናውን ማታውኑ ሞልቶ ማደር ይሻላል፤ የነዳጅ ክፍያ በስልክ የሚፈጸም በመሆኑም ምናልባት በመንገድ መጨመር ቢያስፈልግ ስልኩ ቻርጅ የተደረገ፣ በሒሳቡም ገንዘብ ያለበት መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የጎማዎቹን ንፋስ ሲያስለኩ የስኮርታ ጎማውንም አብሮ ማስለካት አይዘንጋ፤ ጎሚስታ ከከተሞቹ ውጭ በቀላሉ አይገኝም። ለመግቢያና ለአስጎብኚ ክፍያ ዝርዝር ብር፣ ለቤተ ክርስቲያን ነጠላ፣ ለልጆች ዳቦ፣ ቆሎና በቂ ውኃ ይያዛል። የመንገዱን ደኅንነት በተመለከተ ደግሞ በዚያው መስመር የሚመላለስ ሹፌር ወይም በአካባቢው የሚኖር ዘመድ በዋዜማው ደውሎ መጠየቅ፣ ከማንኛውም ወሬ ይልቅ አስተማማኝ መረጃ ይሰጣል።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ከቤት የወጣ ቤተሰብ ዓለም ገናን ሳይጨናነቅ ያልፋል፤ እዚያም የጅማን መንገድ ትቶ ወደ ግራ በሚታጠፈው የቡታጅራ መንገድ ይቀጥላል። መንገዱ አስፋልት ቢሆንም አህያና ከብት፣ ጋሪና ባጃጅ፣ በተለይም በገበያ ቀን ጭነት የያዘ እግረኛ ስለሚበዛበት፣ መንገዱ ባዶ ሲመስል መጋለብ አደገኛ ነው። መልካ አዋሽ ላይ የአዋሽን ወንዝ ሲሻገሩ ልጆች መውረድ ቢፈልጉም፣ «ስንመለስ» ብሎ ማለፍ ይገባል።

ጢያ በሶዶ ጉራጌ ምድር የምትገኝ ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ የትክል ድንጋዮቹ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በሶዶ አካባቢ ከታወቁት 160 ያህል ጥንታዊ የትክል ድንጋይ ስፍራዎች መካከል ዋነኛው ይህ ሲሆን፣ በውስጡ ካሉት 36 ድንጋዮች 32ቱ የተቀረጹ ናቸው። ብዙ ጎብኚ ስፍራውን በሩብ ሰዓት ዞሮ ይወጣል፤ ሆኖም ከአስጎብኚ ጋር ቢያንስ አንድ ሰዓት ሊሰጠው ይገባል። በብዛት የሚታየው ቅርጽ ጫፉ ወደ ታች የዞረ የሰይፍ ምስል ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር ክብ፣ የመስቀለኛ ቅርጽና አንዳንዶች እንሰትን ያሳያል የሚሉት ቅጠል መሰል ምልክት ይገኛሉ። አስጎብኚዎች የሰይፎቹ ብዛት ሟቹ ጀግና የገደላቸውን ሰዎች ቁጥር ያመለክታል ይላሉ፤ ይህን ለልጆች ሲነግሩ ግን «እንዲህ ተብሎ ይታመናል» ማለት ተገቢ ነው፤ የምልክቶቹ ትርጉም ገና በእርግጠኝነት አልተፈታምና። በአካባቢው ድንጋዮቹ «የግራኝ ድንጋይ» ሲባሉም ይሰማል፤ ተመራማሪዎች ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደቆሙ የሚገምቱ በመሆኑ፣ ግራኝ አሕመድ ደግሞ የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው ስለሆነ፣ ስሙ ኋላ የተሰጠ መሆኑን ከፍ ላሉት ልጆች ማስረዳት አንድ ጥሩ የታሪክ ትምህርት ይሆናል።

ለትንንሾቹ ደግሞ ሥራ መስጠት ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ልጅ ወረቀትና እርሳስ ሰጥቶ፣ ብዙ ሰይፍ ያለበትን ድንጋይ እንዲፈልግና የወደደውን ምልክት እንዲስል ማድረግ ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል። ወረቀቱን ድንጋዩ ላይ ለጥፎ በእርሳስ መፈግፈግ፣ ቅርጹ እንዲጎላ በጠመኔ መቀባት ወይም ለፎቶ ብሎ ድንጋዩ ላይ መውጣት ግን አይፈቀድም። በቁፋሮ እንደተረጋገጠው ስፍራው መቃብር ነው፤ ሟቾቹም እጅና እግራቸው ታጥፎ ነው የተቀበሩት። ይህን ከመግባታቸው በፊት የሰሙ ልጆች ሳይቆጧቸው ረጋ እንደሚሉ አይቻለሁ።

ከዚህ በኋላ ቤተሰቡ መምረጥ አለበት። ወደፊት ቀጥሎ በቡኢ በኩል 45 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቡታጅራ ላይ ክትፎ በቆጮ መብላት ያምራል፤ ረቡዕ ወይም ዓርብ የሄደ ጿሚ ግን ምሳውን አስቀድሞ ያስብበት። ይሁንና ቡታጅራ ደርሶ፣ በዚያው ቀን ሌሎቹንም ስፍራዎች ማየት ሕፃን ለያዘ ሰው ከአቅም በላይ ነው። እኔ ስንቁን ጢያ አካባቢ በልቶ መመለስን እመርጣለሁ።

በመልሱ፣ መልካ አዋሽ አካባቢ ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ ታጥፎ 12 ኪሎ ሜትር ያህል የሚገባ ሰው አዳዲ ማርያምን ያገኛል። ከአንድ አለት የተፈለፈለች፣ ትውፊት ከቅዱስ ላሊበላ ጋር የሚያያይዛት፣ ዛሬም የሚቀደስባት ቤተ ክርስቲያን ናት። በክረምት መንገዱ ስለሚጨቀይ አነስተኛ የቤት መኪና ይዞ ባይሞከር ይሻላል። ወር በገባ በ21 ደግሞ የማርያም ዕለት ስለሆነ ምእመናኑ ይበዛሉ፤ ለመሳለም ለሚመጣ መልካም ቀን ነው፣ ተረጋግቶ ፍልፍሉን ለማየት ለሚፈልግ ግን አይመችም። ጫማ ከደጅ ይወልቃል፤ ውስጡ ጨለም ስለሚልና መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ ትንንሽ ልጆች እጃቸው ይያዝ።

የመጨረሻው ማረፊያ በአዋሽ ዳር ያለው መልካ ቁንጥሬ ነው። ስፍራው ከባልጪት ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በጎጆ ቤቶች በተሠራው ሙዚየም የድንጋይ መሣሪያዎችና ቅሪተ አካላት ይታያሉ። ባልጪት መስታወት የመሰለው ጥቁር ድንጋይ መገኛ ስትሆን፣ የጥንት ሰዎች ስል መሣሪያ ይሠሩበት ነበር። ልጆች የሚያብለጨልጭ ስባሪ መሬት ላይ ሲያዩ ኪሳቸው መክተታቸው አይቀርምና፣ ከመኪና ሳይወርዱ ማስጠንቀቅ ይገባል። የደከመውን ልጅ ለማንቃት ግን አንድ ወሬ ይበቃል፦ እዚሁ ጎምቦሬ በተባለው ስፍራ ከ700,000 ዓመት በፊት በኩሬ ዳር ያለፉ ሰዎች የእግር አሻራ ተገኝቷል፤ ከአሻራዎቹ መካከል የሕፃናት እግር ይገኝበታል። ትንሹ ልጄ ይህን ሲሰማ ጫማውን አውልቆ የራሱን እግር አፈር ላይ አትሞ ለካ። ከዚያ በ10 ሰዓት ተነሥተን፣ ሳይመሽ ዓለም ገናን አለፍን።