ከትንንሽ ልጆች ጋር የገና ጌጥ ስትሠሩ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ዋዜማውን መጠበቅ። በገና ዋዜማ ቤቱ ምን እንደሚመስል ይታወቃል። ሽንኩርቱ እየተቁላላ ነው፣ ዶሮው ገና አልተበለተም፣ ስልኩ ይጮኻል። በዚያ ሰዓት መቀስና ኮላ ይዞ የሚመጣ ልጅ የሚያገኘው መልስ «ዞር በል!» ነው። ከሳምንት በፊት ጀምሩ። ለአራት ዓመት ልጅ በቀን ሃያ ደቂቃ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ አንድ ዕድል አላችሁ። ፈረንጆቹ ዲሴምበር 25ን ካከበሩ በኋላ ባለቀለም ወረቀቱና ሪባኑ ብዙ ቦታ በቅናሽ ይሸጣል፤ የኛ ገና እስኪደርስ ሁለት ሳምንት ገደማ ይቀራል።

የጨው ሊጥን ማበላሸት። ሥራው ቀላል ይመስላል፦ 2 ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ጨው፣ ቢበዛ 1 ኩባያ ውሃ። ችግሩ የሚጀምረው ውሃውን በአንዴ ስትገለብጡት ነው። ሊጡ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ልጁ ያለቅሳል፣ ጨዋታው ያልቃል። ውሃውን በትንሽ በትንሹ ጨምሩ፤ እጅን ሲለቅ በቃ። ከዚያ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ዳምጡት። ወፍራም ከሆነ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ በኋላም ይሰነጠቃል። በብርጭቆ አፍ ክብ ክቡን ቁረጡና ክር የሚገባበትን ቀዳዳ ያኔውኑ በስትሮ ብሱት። ከደረቀ በኋላ ልብሳ ብትሉ ለሁለት ይከፈላል። ኦቭን ካላችሁ በ100 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይቆይ። እሳት መጨመር አያፈጥነውም፤ እንደ ዳቦ ያስነፋዋል። ኦቭን ከሌለ የታኅሣሥ ፀሐይ አለች። እያገላበጣችሁ ጥቂት ቀን አስጡት። ቀለም የሚቀባው ሲደርቅ ነው።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። ልጆቻችን እናታቸው ዳቦ ስትጋግር ቁራጭ ሊጥ ለምደዋል። ይህኛውን ግን እንዳይቀምሱ ከአጠገባቸው አትራቁ፤ ያን ያህል ጨው ለትንሽ ሆድ አደገኛ ነው። ለውሻም እንዲሁ።

ኮላውን ከነጠርሙሱ መስጠት። ወረቀቱ ይረጥባል፣ ይጨማደዳል፣ ጠረጴዛውም አብሮ ይጣበቃል። በውሃ ጠርሙስ ክዳን ትንሽ አድርጋችሁ ስጡት፣ በጣቱ ይቀባው። ሱፐር ግሉ የሚባለው ጭራሽ አይታሰብ።

ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ዶቃና ቁልፍ ማቅረብ። መለኪያው ቤታችሁ አለ። የሶፍት ጥቅል ሲያልቅ መሃሉ የሚቀረውን ካርቶን ያዙ። በዚያ የሚያልፍ ዕቃ ሁሉ ትንሽ ልጅን ሊያንቅ ይችላል። የሚዘፍኑ የገና ካርዶች ውስጥ ያለችው ክብ ባትሪ ደግሞ ከሁሉም ትከፋለች፤ ከተዋጠች በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ልታቃጥል ትችላለች። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ጠብቆ ማየት የለም፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

ጥጥ ባለበት ዛፍ ሥር ሻማ ማብራት። ጥጥ እሳት እንዴት እንደሚይዝ ማስረዳት አያስፈልግም።

ልጁ ሲተኛ «ማስተካከል»። እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ልጅቷ ኮከቡን ዛፉ ግርጌ፣ ጠማማ አድርጋ ለጥፋዋለች። ማታ እናት ወይም አባት ቀስ ብለው ነቅለው ጫፉ ላይ ይሰቅሉታል። ጠዋት ትመጣለች፣ ግርጌውን ታያለች፣ የኮላውን ምልክት በጣቷ ትነካለች። ለፎቶ የሚያምር ዛፍ ከፈለጋችሁ ሌላ ለራሳችሁ ሥሩ።

በረዶና የፈረንጅ አባባ ገና ብቻ መሥራት። በረዶ አይተው ለማያውቁ ልጆች ጥጥ መበተን ክፋት የለውም፤ ግን የገና ጨዋታ እያለን እሱን መዝለል ያሳዝናል። ጋዜጣ በደንብ ጠቅልሉ፣ ጫፉን ቆልምሙት፣ በፕላስተር እሰሩት፤ የገና ዱላ ሆነ። ልጁ ባንዲራውን ወይም የፈለገውን ቀለም ይቀባዋል። ሩሩን፣ ማለትም በዱላው የሚመታውን ኳስ፣ ግን ከአሮጌ ካልሲ ሥሩ። ሳሎን ውስጥ የእንጨት ሩር የሚሰጥ ሰው ስለ ቴሌቪዥኑ አስቀድሞ ያስብ።