የደች ጥምር ቃላትን እንዴት ከፋፍሎ ማንበብ ይቻላል? ጫናውስ (ድምፅ ጎልቶ የሚነገርበት ቦታ) የት ይወድቃል?

ደች፣ የኔዘርላንድ ቋንቋ፣ ቃላትን ያለ ክፍተት ገጣጥሞ ይጽፋል። ረጅም ቃል ሲያጋጥምዎ ከማንበብዎ በፊት መጋጠሚያውን ይፈልጉ።

1. ከኋላ ይጀምሩ። ዋናው ቃል የመጨረሻው ነው፤ ከስም በፊት ከሚገቡት ጠቋሚ ቃላት (እንደ እንግሊዝኛው the) «ደ» ይግባ ወይስ «ሄት» የሚወስነውም እሱ ነው። ስላፕካመር (መኝታ ክፍል) ስላፕ «እንቅልፍ» እና ካመር «ክፍል» ነው። ማያያዣ ድምፅ ካለ ከፊተኛው ጋር ይቀራል፦ ስታትስ-ቡስ፣ የከተማ አውቶቡስ።

2. ከዚያ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ወደ ቀለሞች (በአንድ አናባቢ ወደሚነገሩ የድምፅ ክፍሎች) ይቁረጡ። በሁለት አናባቢዎች መካከል ያለ አንድ ተነባቢ ወደ ቀጣዩ ያልፋል (ካ-መር)፤ ሁለት ከሆኑ ይካፈላሉ (ዊን-ተር)። ቅደም ተከተሉን ካዛቡ ግን ይበላሻል። እራት፣ አቮንትኤተን፣ «አቮንት» (ምሽት) እና «ኤተን» (ምግብ) ነው። የመጀመሪያው መጨረሻ በ«ድ» ይጻፋል፣ በ«ት» ይነበባል። መጋጠሚያውን የዘለለ ሰው «ድ»ን ወደ ኤተን ያሻግራታል። ይህ ቃል በመስመር መጨረሻም የሚቆረጠው እዚያው መጋጠሚያው ላይ ብቻ ነው፤ አንድ ፊደል ለብቻው አይተውምና።

ደቾች ራሳቸው የሚስቁበት ቃል አለ፦ ማሳዠ-ቤት የመታሻ አልጋ ነው። («ቤት» ሲሉ አልጋ ማለታቸው ነው፣ አይደናገሩ።) ያንኑ ጽሑፍ ማሳ-ኸቤት ብለው ከቆረጡት የጅምላ ጸሎት ይሆናል። አንዷ ፊደል እንደ አቆራረጡ «ዠ» ወይም «ኸ» ትሆናለች።

3. ጫናውን በፊተኛው ክፍል ላይ ያሳርፉ፤ ያም ቃል ለብቻው ሲነገር ጫና የሚያርፍበት ቀለም ላይ። ስላፕን ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይበሉ፣ «ካ»ን ዝቅ ያድርጉ፣ «መር»ን ልቅቅ። የአማርኛ አፍ ሁሉንም ቀለም እኩል መመዘን ስለሚቀናው እዚህ ይሳሳታል። ሌላው ስሕተት ማጥበቅ ነው፦ ፓነኩክ (ፓንኬክ) ሲጻፍ «ን» ሁለት ጊዜ ቢመጣም አይጠብቅም፤ ድርቡ የሚናገረው ከፊቱ ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን ብቻ ነው።

4. ያፈነገጡትን በቃል ይያዙ። ቡረንኮል (ቅጠሉ የተኮማተረው ጎመን) ጫናው ኮል ላይ ነው፤ ቡርኸሜስተር (ከንቲባ) ሜስ ላይ።

አንዳንድ ግሦች ላይ ጫና ትርጉም ይለውጣል። ቮርኮመን ቮር ላይ ሲጫን «መከሰት» ነው፤ ኮ ላይ ሲጫን «መከላከል»። የመጀመሪያው ይነጣጠላል፦ «ሄት ኮምት ቮር»፣ ይከሰታል። ሁለተኛው አይነጣጠልም፦ «ሄት ቮርኮምት»፣ ይከላከላል።