በሠንጠረዥ ግርጌ ኢታሊክና ልዩ ምልክቶችን ሳይበላሹ እንዴት ማስገባት ይቻላል

በጎንደር የጤና መመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው ሠንጠረዡን ኤስፒኤስኤስ ወይም ስታታ ከሚባሉት የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞች አውጥቶ ወደ ወርድ ይወስዳል። ቁጥሮቹ በደህና ይሻገራሉ፤ የሚበላሸው የግርጌ ማስታወሻው ነው።

መጀመሪያ የትኛው ኢታሊክ (ዘመም ያለ ጽሕፈት) እንደሚሆን ይለዩ። ኤፒኤ በሚባለው የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር የአጻጻፍ ደንብ በላቲን ፊደል የሚጻፉት የስታቲስቲክስ ምልክቶች፣ ማለትም ፒ፣ ቲ፣ ኤንና የመሳሰሉት፣ ኢታሊክ ይሆናሉ። ቤታና ካይን የመሰሉ የግሪክ ፊደላት ቀጥ ብለው ይቀራሉ፤ የኮንፊደንስ ኢንተርቫል ምህጻረ ቃልም እንዲሁ። የተሐዋስያን ሳይንሳዊ ስም ግን ግርጌ ላይም ቢሆን ኢታሊክ ነው። የመተማን ካላዛር የሚያጠና ሰው ሌይሽማኒያ ዶኖቫኒን፣ የደምቢያን ወባ የሚያጠና ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረምን ቀጥ አድርጎ ቢጽፍ ስህተት ነው።

ቀጥሎ ምልክቶቹን ያስገቡ። በዊንዶውስ ወርድ 2265 ጽፈው አልትን እንደተጫኑ ኤክስን ሲመቱ ≥ ይሆናል፤ 2264 ደግሞ ≤፣ 2020 † ይሰጣል። ለካይ 03፣ የእንግሊዝኛውን ሲ፣ ከዚያ 7 አከታትለው ይጻፉ። ከኮዱ በፊት ግን ክፍት ቦታ ይተዉ። ወርድ ከኤ እስከ ኤፍ ያሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላትም እንደ ኮድ ስለሚያነብ፣ በእንግሊዝኛው «ኢ» ፊደል ከሚያልቅ ቃል ጋር አጣብቀው ከጻፉት ያንን ፊደል ጨምሮ ወደማይታወቅ ምልክት ይለውጠዋል። ክፍት ቦታውን በኋላ ማጥፋት ይችላሉ።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ሲምቦል የሚባለው ፎንት ነው። ብዙ ሰው ተራውን የእንግሊዝኛ ኤም ጽፎ ፎንቱን ወደ ሲምቦል ይቀይርና ማይክሮ ያገኛል፤ ቢ ቤታ፣ ሲ ደግሞ ካይ መስለው ይታያሉ። ይህ ምልክቱን ልብስ ማልበስ ብቻ ነው፤ ውስጡ ያው ኤም ነው። በመጨረሻ ጽሑፉን በሙሉ መርጠው ወደ ታይምስ ኒው ሮማን ሲቀይሩት ልብሱ ይወልቅና ማይክሮግራሙ ሚሊግራም ይሆናል። የ1000 እጥፍ ስህተት ማለት ነው፤ ቃሉ በትክክል የተጻፈ ስለሚመስል የፊደል አራሚው አይዘውም፤ አማካሪም በቀላሉ ያልፈዋል። ስለዚህ ፎንት ከመቀየርዎ በፊት ኮንትሮልና ኤችን ተጭነው የፍለጋውን ሳጥን ባዶ ይተዉ፣ ከፎርማት ውስጥ ሲምቦል ፎንትን ይምረጡ፣ የተገኘውን ሁሉ አንድ በአንድ በኮዱ ይተኩ። በኢንሰርት ሜኑ በኩል የገቡ የሲምቦል ምልክቶች በዚህ ፍለጋ ላይገኙ ስለሚችሉ ግርጌዎቹን በዓይንም ይመልከቱ።

ኢታሊኩን መጨረሻ ላይ ያድርጉ። በዚያው የመተኪያ ሳጥን ትንሿን ፒ ይፈልጉ፤ ሙሉ ቃል ብቻ እና ትልቅና ትንሽ ፊደል ለይ የሚሉትን ምርጫዎች ያብሩ፤ በመተኪያው ^& ጽፈው ፎርማቱን ኢታሊክ ያድርጉ። ሁለተኛው ምርጫ ካልበራ ትልቁ ፒም አብሮ ይነካል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመተካት እያዩ መተካት ይሻላል።

በስታታ ግራፍ ግርጌ ለሚጽፉ ጠምዛዛ ቅንፍ ይከፈታል፣ የእንግሊዝኛዎቹ ትንሽ አይና ቲ ይጻፋሉ፣ ከዚያ ኮለን፣ ከዚያ ኢታሊክ የሚሆነው ቃል፣ መጨረሻ ላይ ቅንፉ ይዘጋል። ምልክቶችን በቀጥታ መለጠፍ የሚቻለው ከስታታ 14 ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ዩኒኮድ የሚባለውን የፊደላትና የምልክቶች የጋራ ኮድ አያውቅም። ከስታታ የወርድ ፋይል የሚያወጣው ፑትዶክኤክስ የተባለው ትእዛዝ ግን ይህን የቅንፍ አጻጻፍ አይተረጉመውም፤ ቅንፉን እንዳለ ያትመዋል። እዚያ ፒን በአንድ ትእዛዝ ከኢታሊክ ምርጫ ጋር፣ «< 0.05»ን በሌላ ትእዛዝ ይላኩ፤ ክፍት ቦታውን ጥቅሱ ውስጥ ካላስገቡ ሁለቱ ይጣበቃሉ። ሠንጠረዡ ሁለት ሦስት ብቻ ከሆነ ይህ ድካም አያስፈልግም፣ በወርድ በእጅ ይበቃል። ዳታው ገና የሚስተካከልና ሠንጠረዡ በተደጋጋሚ የሚወጣ ከሆነ ግን ዱ ፋይሉ (የስታታ ትእዛዞች የሚቀመጡበት ፋይል) ላይ መጻፉ ያዋጣል።

ለማተም በፍላሽ ሲወስዱ ፒዲኤፍ አድርገው ይውሰዱ፤ የማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የእርስዎ ፎንት ላይኖር ይችላል። ከማሳተምዎ በፊት ፒዲኤፉን ከፍተው ግርጌዎቹን ብቻ አጉልተው ያንብቡ።