በሲስተሮች የተመሠረተ የሴት ልጆች ትምህርት ቤትን ታሪክ ለመጻፍ

በቡራዩም ሆነ በሰበታ፣ በለገጣፎም ሆነ በአቃቂ በኩል፣ ከውጭ የመጡ ካቶሊካውያት ሲስተሮች የከፈቱትን የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ማኅበራቸውን ይለይ። በአውሮፓውያን አቈጣጠር የኡርሱላ ማኅበር በ1535 በጣሊያን በብሬሺያ፣ የክሉኒው የቅዱስ ዮሴፍ ማኅበር በ1807 በፈረንሳይ፣ የኮምቦኒ ሲስተሮች ማኅበር ደግሞ በ1872 በቬሮና የተመሠረቱ ሲሆኑ፣ ደብዳቤዎቻቸውም የሚፈለጉት በየራሳቸው ዋና ቤት ነው።

ደብዳቤው በጥንቃቄ ይነበብ። በአውሮፓውያን 1639 ከፈረንሳይ በዛሬዋ ካናዳ ወደምትገኘው ኬቤክ ተሻግራ ለሴት ልጆች ትምህርት ቤት የከፈተችው የኡርሱላዋ ሲስተር ማሪ ደ ላንካርናሲዮን ለልጇና ለማኅበሯ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ ሲነበቡ፣ ያስተማረቻቸው የአገሬው ልጃገረዶች ግን ስለ ራሳቸው የጻፉት እምብዛም አልቆየልንም። ወደ አገር ቤት የሚላክ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ርዳታ መጠየቂያም ስለ ነበር፣ ችግሩንም ስኬቱንም ለበጎ አድራጊው እንዲስማማ አድርጎ ሊያቀርብ ይችላል። ይህች ሴት ከምንኩስናዋ በፊት ማሪ ጉያር ትባል ስለ ነበር፣ አንዲት ሲስተር በሁለት ስም ተመዝግባ ልትገኝ እንደምትችልም አይዘንጋ።

የዘመን አቈጣጠሩ ብዙ ጸሐፊ ያሳስታል። በአውሮፓውያን የካቲት 1955 የተጻፈ ደብዳቤ በእኛ 1947 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በጥቅምት የተጻፈው ግን 1948 ነው፤ ስለዚህ ሳይመረምሩ ስምንት መቀነስ የምረቃውን ዓመት ከመክፈቻው ጋር ያጋጫል። ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን መጻፍ ይሻላል።

ከሁሉ የበለጠ ድካም የሚገባው፣ በእኔ ግምት፣ በሰፈሩ ያለው ክፍል ነው። መሬቱን ማን ሰጠ? ካሳ ተከፍሎበታል ወይስ ገበሬ ተነሥቶበታል? ልጁን በመጀመሪያ የላከው ማን ነው፣ ጎረቤትስ ምን አለው? ይህን የሚያውቁት የእድር ሽማግሌዎች፣ የቀድሞ ዘበኞችና ወጥ ቤቶች ናቸው። የቀድሞ ተማሪዎችን ማግኘት ከሚታሰበው ይልቅ ይቀላል፤ ኢትዮጵያዊት ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ስለማትለውጥ፣ በጥንቱ መዝገብ የሰፈረው ስም ዛሬም ያገለግላል። ለእያንዳንዷ መዝገቡን አሳይቶ፣ በዚያው ክፍል አብረዋት ተመዝግበው ሳይጨርሱ የቀሩትን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ለምን እንዳቋረጡ በመዝገብ አይገኝምና።